«ሁለት አሮጊቶች» የተባለው ልብ ወለድ ለታሪክ ጥናት ያለው ዋጋ

ልብ ወለድ መጽሐፍ ለታሪክ ተማሪ በማስረጃነት ሊያገለግለው ይችላልን? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የመረጥነው ቬልማ ዎሊስ የተባለችው የአላስካ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመችውን «ሁለት አሮጊቶች» የተባለ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በ1960 በፎርት ዩኮን የተወለደች ስትሆን፣ ወገንዋ ከአታባስካን ሕዝቦች አንዱ የሆነው ግዊቺን ነው። ታሪኩን ከእናትዋ አፍ እንደ ሰማችው በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ትናገራለች፤ ዘመኑንም ነጮች ወደዚያ አገር ከመድረሳቸው በፊት ታደርገዋለች። የሐድሰን ቤይ ኩባንያ በፎርት ዩኮን የንግድ ጣቢያውን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1847 ስለ ሆነ፣ እንግዲህ ነገሩ በእውነት ተፈጽሞ ከሆነ ወረቀት ላይ እስኪሰፍር ድረስ ቢያንስ 150 ዓመት ያህል በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ኖሯል ማለት ነው።

የታሪኩ መነሻ አጭር ነው። በበረዶው ወራት ረኃብ የጸናበት አንድ ጎሣ፣ የ80 ዓመትዋን ቺድዚግያክንና የ75 ዓመትዋን ሳን ጥሎ ለመሄድ ይቈርጣል። አለቃው ሲናገር ከተሰበሰበው ሕዝብ አንድ ስንኳ አልተቃወመም፤ የቺድዚግያክ ልጅ እንኳ ዝም አለች። ነገር ግን ለእናትዋ አንድ ጥቅል ጠፍር ትታላት ሄደች፤ የልጅ ልጅዋም ከአጥንት የተሠራች መጥረቢያውን በስውር አስቀመጠላት።

ለመሆኑ አሮጊቶችን መጣል የዚያ ሕዝብ የተለመደ ሥርዓት ነበር ወይ? ብዙ አንባቢ መጽሐፉን ሲዘጋ የሚደርስበት አሳብ ይህ ነው፤ እኛም በመጀመሪያ ስናነበው እንዲሁ መስሎን ነበር። ዳሩ ግን ደራሲዋ በረኃብ ዘመን አረጋዊን ጥሎ መሄድ ያልተሰማ ነገር ባይሆንም፣ በዚህ ጎሣ ዘንድ የመጀመሪያው እንደ ነበረ ታመለክታለች። ሳም ራስዋ በወጣትነትዋ ስለ አንዲት አሮጊት ከአለቃ ጋር ተከራክራ ከአሮጊቲቱ ጋር እንደ ተጣለች ታወራለች። ስለዚህ ድርጊቱም ነበረ፤ ተቃውሞውም ነበረ። ከዚህም በላይ ወሬው ለምን ተጠብቆ ኖረ ብለን መጠየቅ ይገባናል። በየዕለቱ የሚደረግ ነገር ለተረት አይበቃም፤ ውኃ ቀዳሁ፣ እንጨት ለቀምሁ ብሎ ለልጅ ልጁ የሚተርክ የለም። እናቶች ለሴቶች ልጆቻቸው ሲነግሩት የኖሩት ነገሩ እንደ ነውር ስለ ተቈጠረ ነው ብለን እንገምታለን። ከግዊቺን ወገን አንዳንዶች መጽሐፉ ሕዝባችንን ያሳፍራል በማለት ቅር መሰኘታቸውም ግምታችንን ያጠነክረዋል። በጃፓን ፉካዛዋ ሺቺሮ እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው ልብ ወለድ ውስጥ ግን 70 ዓመት ሊሞላት የተቃረበች አሮጊት በመንደሩ ልማድ መሠረት ወዳ ወደ ተራራው ትሄዳለች። በዎሊስ መጽሐፍ እንደዚህ ያለ ልማድ የለም፤ አንድ ውሳኔ ብቻ አለ። ውሳኔ በመሆኑም በኋላ ሊሻር ቻለ።

ለታሪክ ጸሐፊ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን በእጅ ሥራው ላይ ይገኛል። ሴቶቹ ሲያጉረመርሙና ድንኳናቸውን ሌላው ሲተክልላቸው የኖሩ፣ ያለ ምርኩዝ የማይራመዱ ነበሩ። አሁን ግን በመጥረቢያይቱ ሽኮኮ ገደሉ፤ በጠፍሩ የጥንቸል ወጥመድና የበረዶ መራመጃ ሠሩ፤ የእሳት ፍም ተሸክመው ከሰፈር ወደ ሰፈር ተጓዙ። (በጠፍር አልጋ ላይ ተኝቶ ያደገ ሰው የጠፍርን ጥቅም ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።) ድሮ ብዙ ዓሣ ወደሚያገኙበት ሥፍራ ደርሰው፣ በበጋው ዓሣውን እየዘለዘሉ አድርቀው አከማቹ። ተራኪ የሰዎችን ንግግር እንደ ልቡ ሊፈጥር ይችላል። የወጥመድን አሠራር በሚያውቁ አድማጮች ፊት ግን በዚህ ረገድ ቢሳሳት ወዲያው ይታረም ነበር። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ ከንግግሩ ይልቅ ሙያውን የታመነ አድርገን እንወስደዋለን።

በመጨረሻው ክፍል ላይ ግን ጥርጣሬ አለን። በሚከተለው የበረዶ ወራት ጎሣው እንደ ተራበ ይመለሳል፤ ዳጉ የተባለው ሽማግሌ መንገድ መሪም ሴቶቹን ፈልጎ ያገኛቸዋል። እነርሱም እንበላለን ብለው ፈርተው ስለ ነበረ ወዲያው አላመኑም፤ ከጎሣው ተለይተው ለመኖር ተስማምተው ምግባቸውን በልክ አካፈሉ። አለቃውም ተጸጸተ። ይህ ሁሉ ልጆችን ለመምከር እጅግ የሚመች ስለ ሆነ፣ በዘመናት ብዛት ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ለምክር አይመችም፤ የቺድዚግያክ ልጅ እናትዋ በሕይወት መኖርዋን ከሰማች በኋላ እንኳ ኀፍረት ይዟት ቶሎ ልታያት አልመጣችም። የልጅ ልጁ ቀድሞ መጣ፤ አያትዮዋም በየቀኑ መንገድ መንገዱን ታይ ነበር።