የበዓል ማግሥት በብቸናና በሞጣ

ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ በዓል ሲጽፉ የሚወዱት ግብሩን ነው። ይህን ያህል ሰንጋ ተጣለ፣ ይህን ያህል ጋን ጠጅ ተቀዳ፣ መኳንንቱ በቀኝ ካህናቱ በግራ ተቀመጡ ይሉናል። በማግሥቱ ሜዳው ላይ ምን እንደ ቀረ የሚነግረን ገጽ ግን እንዲያው በጣት የሚቆጠር ነው። አጥንቱ የት ሄደ? ቆዳውስ? የተሰበረውን ጋን ማን አነሣው? እንጨቱ ከየት መጣ? በማን ጀርባስ መጣ? ጥያቄው ተራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዛሬ በየከተማው በዓልን ተፈጥሮን ሳንጎዳ እናክብር የሚል ወሬ በበዛበት ጊዜ፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን እንዴት ያከብሩ እንደ ነበር ሳናውቅ የምንናገረው ሁሉ ከአየር የተዘገነ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት አገር ይዘን እንነሣለን፤ ብቸናንና ሞጣን።

የምሥራቅ ጎጃምን ምድር ያላየ አንባቢ ቢኖር በአጭሩ ይኸውለት። ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው መንገድ ብቸናን፣ ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ ይደርሳል። በስተ ምዕራብ ጮቄ ተራራ፣ በስተ ምሥራቅ የዓባይ በረሃ። በመካከል ያለው ደጋ በተለይ በብቸና በኩል ዋልካ መሬት ነው፤ በክረምት እግር የሚይዝ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ፣ ጤፍ ሲዘሩበት ግን አሳፍሮ የማያውቅ። እነዚህ ሁለት አውራጃዎች በታሪክ የሚታወቁት ይበልጡን በጠመንጃ ነው። ብቸና በላይ ዘለቀ ጣሊያንን የተዋጋበት አገር ነው፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ርስታችን ሊለካ ነው ብሎ የተነሣው ገበሬም የብቸናና የሞጣ ገበሬ ነበር። ለዛሬ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ጓዳ እንግባ።

በዚህ ሜዳ ላይ ከሩቅ ጥቁር ሆኖ የሚታይ ደን ካለ አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሾላ፤ ከእርሻው የተባረረው ዛፍ ሁሉ ታቦቱን ተጠግቶ ቀርቷል። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ዓመት የደገፈችው የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ነበረች። ለደብሩ መሬት ተሰጠው፣ መሬቱም ለደብተሮችና ለመኳንንት ተከፋፈለ። ጉልቱ እስከ አብዮቱ ቆየ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ደብሮቹ መሬታቸውን አጡ። በእጃቸው የቀረው ቅጥሩና በቅጥሩ ውስጥ የበቀለው ነው። ደኑን የጠበቀው ጉልቱ ሳይሆን ግዝቱ መሆኑ የታወቀው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ጉልቱ ሄዶ ደኑ በብዙ ቦታ አልሄደም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓለማየሁ ዋሴ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ በጎረቤታችን በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን ዞረው ቢያጠኑ፣ በደኖቹ ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ከቅጥሩ ውጪ ያለው እርሻና ግጦሽ ነው። ለበዓል የሚሰበሰበው ሕዝብ ጥላው ሥር ይቀመጣል፤ ቅርንጫፍ ግን አይሰብርም። ከደኑ እንጨት ቢወጣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ነው። ይህ ሕግ በየትኛውም ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አልታተመም።

አሁን ወደ ደመራው እንምጣ። ስሙ ራሱ ነገሩን ይናገራል፤ መደመር ነው። እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ችቦ አስሮ ያመጣል፣ በምሰሶው ዙሪያ ይደምራል። በአዲስ አበባ መስከረም 16 ማታ ሲለኮስ በብዙው የጎጃምና የጎንደር አገር የሚለኮሰው በ17 ንጋት ነው። ምሰሶው በየት በኩል ወደቀ ተብሎ የዘመኑ ዕጣ ይገመታል፣ በአመዱ ግንባር ላይ መስቀል ይደረጋል። ልብ በሉ፤ ወቅቱ ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ ያልወጣበት ነው። እርጥብ እንጨት አይነድም። ስለዚህ ለችቦ የሚሆነው አስቀድሞ የደረቀ ጭራሮ ነው፤ ዛፍ ገንድሶ ለደመራ ማምጣት ለገበሬው ድካም ብቻ ሳይሆን ሞኝነትም ነበር። መሬቱም ርሶ ስለሚቆይ እሳቱ ወደ ማሳ አይዛመትም። ቡሄም ቢሆን ያው ነው፤ በነሐሴ አጋማሽ ዝናብ መካከል የሚበራ ችቦ ነው። በዓሉን የሠሩት ሰዎች ስለ ደን ጥበቃ አስበው ነው አንልም። ወቅቱ ራሱ ልክ አበጀለት እንላለን።

ቀጤማው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል የሚጎዘጎዘው ሣር ሜዳው ሁሉ ለምለም በሆነበት ጊዜ የሚታጨድ ነው፤ ማንንም አይጎዳም፣ ሲደርቅም ከብት ይበላዋል ወይም ወደ ጓሮ ይጣላል። በቅዳሜ ሹር ካህናቱ የሚያድሉት፣ ምእመናኑም በራሳቸው ላይ የሚያስሩት ቀጤማ ግን የበጋ ቀጤማ ነው። የኖኅ ርግብ ያመጣችውን ለምለም ቅጠል ያስታውሳል፣ የጥፋት ውሃ መጉደሉን ያበሥራል፤ ትርጉሙ እንደዚህ ያማረ ሆኖ ሳለ በሚያዝያ ሐሩር ለምለም የሚገኘው ምንጭ ዳርና ረግረግ ላይ ብቻ ነው። ከብቱም በዚያ ወር የሚተማመነው በዚያው ነው። አንድ እስር ለአንድ ራስ ብዙ አይደለም። ከተማው ሲሰፋና ቀጤማው በሸክም እየተሸጠ በየቡና ቤቱ ሲነጠፍ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በመሐል እንበል። ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት ከመሬቷ 40 በመቶው ደን ነበር፣ አሁን ሦስት በመቶ ቀረ የሚለውን ነገር ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተነዋል። ጄምስ ማካን የተባለ የታሪክ ምሁር በ1997 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው ጽሑፍ የዚህን ቁጥር ምንጭ እየተከተለ ሄዶ፣ ከሥሩ ምንም ልኬት እንደሌለበት አሳይቷል። በማረሻ የኖረ ደጋ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ዛፉ ጥቂት ነበር። ይህን የምናነሣው ደን አልጠፋም ለማለት አይደለም። በዓልን የደን ጠላት አድርጎ መክሰስም ሆነ የድሮውን ጊዜ ገነት አድርጎ መሳል ሁለቱም ያለ ማስረጃ መሆኑን ለማሳየት ነው።

እንግዲህ የድሮው በዓል ንጹሕ ነበር? ማግሥቱን ስናይ አዎ ያሰኛል። ጋኑና እንስራው ሸክላ ነው፤ ሲሰበር ገሉ ፍም ይጫርበታል፣ ከዚያም ወደ አፈር ይመለሳል። ዋንጫው ቀንድ፣ ጭልፋው ቅል፣ መሶቡና ሰፌዱ ሣር ነው። ድፎው በኮባ ይጋገራል። የጠላው ዕቃ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል። ቆርቆሮ ሲመጣ እንኳ የተጣለው ቆርቆሮ ጣሳ ሆኖ መጠጫ ሆነ። የሚጣል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ጓዶች፣ ምድጃውን እንየው። ለአንድ ድግስ አሻሮው ይታመሳል፣ ቂጣው ይጋገራል፣ እንጀራው በሞሰብ ሙሉ ይወጣል፣ ወጡ ሌሊቱን ሲንተከተክ ያድራል፤ አረቄ ካለበትማ እሳቱ ቀን ከሌት አይጠፋም። በዋልካው ሜዳ እንጨት ስለሌለ የሚነደው ኩበት ነው። ኩበት ደግሞ ማሳው ላይ ቢወድቅ ፍግ ነበር። ጤፉን ያበላን መሬት ምግቡን ለበዓላችን ይሰጣል ማለት ነው። ጭራሮውን የለቀመችው፣ ኩበቱን የጠፈጠፈችው፣ ውሃውን በእንስራ የቀዳችው፣ ጭሱን የጠጣችው ሴት ናት። በዓል ዕረፍት ነው የሚለው ቃል ለማን እንደ ተነገረ እናቶቻችንን መጠየቅ ይበቃል። ማረሻ በበዓል አይነካም፤ ወፍጮውና ምድጃው ግን በዋዜማው እጥፍ ይሠራሉ።

ከዚህ የሚብሰው የቆዳው ታሪክ ነው። ለመስቀልና ለፋሲካ ቅርጫ ሲጣል ከበሬው የሚቀር ነገር አልነበረም። ቆዳው ጠፍር ሆኖ አልጋ ይጠለፍበታል፣ ምራን ሆኖ ሞፈርና ቀንበር ያያይዛል፣ ስልቻ ሆኖ እህል ይይዛል፣ ቁርበት ሆኖ ይተኛበታል፣ ከበሮ ሆኖ ለሚቀጥለው በዓል ራሱ ይመታል። የበግ ቆዳ አጎዛ ነው። የፍየል ቆዳ ደግሞ ተነክሮ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ብራና ይሆናል። ከብቸና ብዙ የማይርቀውን ዲማ ጊዮርጊስን ሐዲስ ዓለማየሁ እዚያ ስለ ተማሩና በ1958 ዓ.ም. በወጣው ልቦለዳቸው ስላነሡት የማያውቀው ተማሪ የለም። እነዲማ፣ እነደብረ ወርቅ፣ እነመርጡለ ማርያም ሊቃውንት የሚታወቁት በመጽሐፋቸው ነው፤ የየመጽሐፉ ገጽ ግን አንድ ጊዜ የታረደ ፍየል ነበረ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያደረገው ማን ነው? ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ተብሎ ይሰደብ ነበር። ጋኑን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ ቡዳ ትባል ነበር። የሠራችው ጋን የባላባቱ አዳራሽ መካከል ይቆማል፣ እሷ ግን ከደጅ አታልፍም። ልጅ ለመጋባት ቀርቶ አብሮ ለመብላት የሚጠየፋት ብዙ ነበር። ንጹሕ የምንለው በዓል የተሸከመው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው። ማግሥቱን የሚያጸዱት፣ ቆሻሻውን ዕቃ የሚያደርጉት እነሱ ሆነው ሳለ ቆሻሻ የተባሉት እነሱ ሆኑ። ስለ ድሮው በዓል ውበት የሚጽፍ ሁሉ ይህችን መስመር ዘሎ ማለፍ የለበትም ብለን እናምናለን።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው፤ እኛም በፍጥነት እናልፈዋለን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ መጨረሻ ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብሎ የገባው ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ ጎጃም ደረሰ፤ ዛሬ በደመራው ምሰሶነትም በምድጃውም ያለው እሱ ነው። ውሃ ይመጣል፣ አጠገቡ እህል አያበቅልም ተብሎ ይታማል። ሐሜቱ እውነት አለበት። የቤተ ክርስቲያኑ ወይራ እስከ ዛሬ ቆሞ ከሆነ ግን አንዱ ምክንያት ሰዉ የሚቆርጠው ሌላ ዛፍ ማግኘቱ ነው። ደርግ የመስቀልን አደባባይ አብዮት አደባባይ አለው፤ ስሙ በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ለውጥ በኋላ ተመለሰ፤ በገጠሩ ግን ደመራው በስም ለውጥ አልተነካም። የነካው ፕላስቲክ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ጀሪካን ነበር። ጀሪካንን ማንም አይውቀሰው፤ የሴቲቱን ጀርባ ከእንስራ ክብደት ያሳረፈው እሱ ነው። ቀጥሎ ፌስታል መጣ፤ ቀጥሎ በመጀመሪያው ፋብሪካ ስም ሁሉም ሃይላንድ የሚባለው የውሃ ጠርሙስ። በመጨረሻም የማይደርቅ ቀጤማ፣ የማይረግፍ አበባ በየሱቁ ተንጠለጠለ። የሞጣ ነጋዴ ለክርስቲያኑ ለፋሲካ የሚሸጠውን ፌስታል ለሙስሊሙ ጎረቤቱ ለዒድ ይሸጠዋል፤ በዚህ በኩል ሃይማኖት አልለየንም። ከጥምቀት በኋላ ሜዳው ላይ የሚቀረውን አሁን ማየት ነው። ገል አይደለም፣ አፈር አይሆንም፤ ላም ትበላዋለች፣ በሆዷ ይቋጠራል። ቆዳውም ባለፉት ዓመታት ዋጋው ወድቆ የሚገዛው ጠፍቶ፣ በበዓል ማግሥት መንገድ ዳር ሲጣልና ሲሸት በብዙ ከተማ ታይቷል። የአንድ ቅርጫ ቡድን ቆዳውን ሸጦ የሚከፋፈልበት ዘመን ነበረ፤ ዛሬ ማን ይጣለው ተብሎ ይጨቃጨቃል።

በ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስስ ፌስታልን ከለከለ፤ ፌስታሉ ግን አልሰማም። በ2017 ዓ.ም. እንደገና ጠንከር ያለ አዋጅ ወጣ። መከልከሉን እንደግፋለን። ነገር ግን ፌስታሉን የሚተካው ሰፌድና አገልግል የሚሠራው በሴት እጅ ነው፤ ጋኑም እንደዚሁ። እንደ ድሮው በርካሽና በስድብ ይሠሩልን ካልን ፕላስቲኩ በገዛ እጃችን ያሸንፈናል። ከመካከላችን አንዳንዱ ችቦው በየቤቱና በየመንደሩ መሆኑ ቀርቶ በየደብሩ አንድ ደመራ ይበቃል ይላል፤ ሌላው ደግሞ እናቶቻችን በራቸው ላይ የሚያበሩትን ችቦ ማን ከልካይ አደረገን ብሎ ይከራከራል። በዚህ አልተስማማንም። በቆዳው ላይ ግን ተስማምተናል፤ አርሶ አደሩ እንዳይበሰብስበት ማግሥቱኑ ጨው ነስንሶ የሚያስቀምጥበትና የሚያስረክብበት አንድ መጋዘን በብቸናም በሞጣም ቢኖር፣ ለፋቂውም ሥራ ለብራናውም ገበያ ነው።

መስቀል በ2006፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፈሩ። ከዚያ በፊት ጀምሮ በየከተማው ወጣቱ በጥምቀት ዋዜማ መንገዱን ይጠርጋል፤ ታቦቱ በሚያልፍበት ላይም ምንጣፍ እያነሣ እያነጠፈ ይሮጣል። ምንጣፉ ለከርሞ ይቀመጣል፤ ቀጤማውን ተክቶ የረግረጉን ሣር ለከብቱ አስቀርቷል፤ ይህን ማንም አላቀደውም። መጥረጊያው ግን እስከ አሁን የሚወጣው በዋዜማው ነው። በጥር 12፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ ሜዳውን ማን እንደሚጠርገው ለመጠየቅ በመጪው ጥር ብቸናና ሞጣ እንሄዳለን፤ መጥረጊያም እንይዛለን።