ከባና እስከ ሹራብ

በአዳማ ገበያ መካከል ቆሞ ስለ በግ ጠጕር የሚያወራ ሰው ቦታውን የሳተ ይመስላል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 1700 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀት የበዛባት፣ ጥጥና ሸንኮራ አገዳ ለሚያበቅለው ለአዋሽ ሸለቆ ቅርብ ናትና ልብሷም ጥጥ ነው። ነገር ግን መንገደኛው ከዚያ ተነሥቶ ወደ አሰላ ሲወጣና የጭላሎ ተራራ ሲቀርበው ብርዱ ሹራብ ያስለብሰዋል። ታዲያ በግ የሞላበት ደጋ ሳለን የሹራቡ ክር ስለ ምን ከባሕር ማዶ መጣ?

መልሱ የሚገኘው ሱፍ መሥራት የቆየ ሙያ ከሆነበት ከሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ ነው። የመንዝ በግ አካሉ ትንሽ፣ ላቱ አጭር ነው፤ ከላይ ረጅምና ሻካራ ጠጕር፣ ከሥር አጭርና ለስላሳ ሱፍ ይለብሳል። ሴቶች ሁለቱን በአንድነት ይፈትላሉ፤ ገበሬውም በእርሻ ፋታው ባናና ዝተት ይሠራበታል። ትከሻው ላይ ሾጠጥ ያለው ጥቁር በርኖስም የዚሁ ጠጕር ሥራ ነው። በርኖስ ከሸማ በላይ ይደረባል፤ ባናም ውርጭ ለመከላከል ነው። ስለዚህ ሻካራነቱ እንደ ነውር አልተቈጠረም። ሹራብ ግን ገላ የሚነካ ልብስ ነውና ይህ ክር ይኮሰኩሳል።

ከሩቅ ሀገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። አልፓካ በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች ላይ የሚረባ፣ የግመል ዘመድ የሆነ እንስሳ ነው። እንግሊዛዊው ታይተስ ሶልት በ1836 እ.ኤ.አ. በሊቨርፑል መጋዘን ገዢ አጥቶ የተከመረ የአልፓካ ጠጕር አገኘ። ገዝቶም የአፈታተሉን ስልት ደጋግሞ ሞከረ፤ በ1853 እ.ኤ.አ. በስሙ ሶልቴር የተባለውን ታላቅ ፋብሪካ ከፈተ። እንስሳውን አልለወጠም፤ አፈታተሉን እንጂ።

እኛ የተከተልነው መንገድ ሌላ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ። ቀጥሎም የመንዝን በግ ለማሻሻል ከኬንያ ኮሪዴል፣ ከእስራኤል አዋሲ የተባሉ በጎች መጡ። ገበሬው ክልሱን የወደደው ግን ስለ ሱፉ አይደለም፤ ቁመናው ትልቅ ስለ ሆነና በሥጋ ገበያ ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣለት ነው። በዚህ አልፈርድበትም፤ ለጠጕሩ የሚከፍለው ሰው ወዴት አለ? የፋብሪካ ብርድ ልብስ በየገበያው ሲሞላ የባና ሠሪውም ደንበኛ አነሰ።

ለሹራብ የሚስማማው ሱፍ በዚያው በመንዝ በግ ጀርባ ላይ፣ ከረጅሙ ጠጕር ሥር አለ። የቀረው ለይቶ ማበጠር ነው።