ባንኮክን ያየ፣ ሰቆጣን ያላየ

ባንኮክ ደርሰው የመጡ ጓደኞቻችን ስለ ገበያው ግርግር አውርተው አይጠግቡም፤ እኛም በቅናት እናዳምጣለን። ግርግር ካልን ግን የዋግ መዲና ሰቆጣም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደራ የጨው ገበያ ነበራት። ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ እዚያ ይራገፍ ነበር። አሞሌ ደግሞ ያኔ ገንዘብ ነው (የሚላስ ገንዘብ አስቡት!)።

የዛጉዌ ዘር ነን የሚሉት ዋግሹሞች መቀመጫም ይህችው ከተማ ነበረች። ዙፋኑ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዞር፣ በንጉሡ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ ክብር ተተወላቸው ይባላል። ዋግሹም ጎበዜን ግን ወንበሩ አልበቃቸውም፤ ቴዎድሮስ በሞቱበት በ1860 ዓ.ም. ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ሦስት ዓመት ቆይተው ዓድዋ አጠገብ በካሳ ምርጫ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ በተባሉት፣ ድል ሆኑ።

እኛ ታዲያ ላሊበላ ላይ ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። ከዓለት የተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ግን ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ሰቆጣ አጠገብ ነው፤ የዋግሹሞቹ አስከሬን ያለውም እዚያ ነው።