የማስኬጃ ካፒታል

የማስኬጃ ካፒታል (ዎርኪንግ ካፒታል) አንድ ድርጅት መሣሪያውን ገዝቶና ፈቃዱን አውጥቶ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ከደንበኛ ገንዘብ እስኪሰበስብ ድረስ የዕለት ወጪውን የሚሸፍንበት ገንዘብ ነው። በሒሳብ አያያዝ ረገድ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ ከሚለወጠው ሀብት ላይ በዓመት ውስጥ የሚከፈለው ዕዳ ተቀንሶ የሚቀረው መጠን ነው። ሀብቱ ጥሬ ገንዘብን፣ የመለዋወጫ ክምችትንና ተሰብሳቢ ሒሳብን፣ ዕዳው ደግሞ የአቅራቢ ዱቤን፣ ያልተከፈለ ደመወዝንና ግብርን ይይዛል። ነጋዴው በአጭሩ «ማንቀሳቀሻ» ይለዋል። በንግድ ፈቃድ ላይ የሚሰፍረው ካፒታል ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛው ማሽን ሆኖ ስለሚቀር ደመወዝ አይከፈልበትም።

ልዩነቱ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥራዎች አንዱ የማቀዝቀዣና ማሞቂያ ጥገና ነው። የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ፍኖተ ሰላምም ሆነ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ በተሠራባት ቡሬ አየሩ ወይና ደጋ ስለሆነ የቤት ኤሲ እምብዛም ፈላጊ የለውም። ሥራው ያለው በሥጋ ቤት፣ በጭማቂ ቤት፣ በግሮሰሪና በወተት ሰብሳቢ ፍሪጅ ላይ ነው። ማሞቂያውማ ከሆቴል የውሃ ማሞቂያ ብዙም አያልፍም።

በዚህ ሥራ ገንዘብ መጀመሪያ የሚታሰረው በክምችት ነው። አር-134ኤ የሚባለው ጋዝ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው 13.6 ኪሎ በሚይዝ ሲሊንደር ሲሆን፣ አንድ የቤት ፍሪጅ የሚወስደው ከ100 እስከ 200 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሲሊንደር ብዙ ደርዘን ፍሪጅ ይሞላል፤ ዋጋው ግን በአንድ ጊዜ ይከፈላል። ቫልቩ በደንብ ካልተዘጋ ደግሞ ካፒታሉ ቃል በቃል ይተናል። የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል የሚቃጠለው ኮምፕረሰርም መለዋወጫው የሚመጣው ከባሕር ዳር ወይም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው አዲስ አበባ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተካሄደው ግጭት እንደታየው መንገድ ሲዘጋ፣ ክምችት የሌለው ባለሙያ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ዋጋውም አንድ ቦታ አይቆምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ጋዙም ኮምፕረሰሩም ከውጭ የሚገባ ነው። በአሮጌው ዋጋ የተገዛውን በአሮጌው ዋጋ የሸጠ ሰው በደረሰኙ ላይ ትርፍ ቢያይም፣ በዚያው ገንዘብ የሸጠውን ያህል መልሶ መግዛት አይችልም።

ሁለተኛው ማሰሪያ ዱቤ ነው፤ እዚህ ላይ የአገሩ የቀን አቆጣጠር ከሒሳብ መጽሐፉ ይልቅ ይጠቅማል። የፍሪጅ ጥገና የሚበዛበት ሞቃቱ ወራት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሲሆን፣ 55 ቀን የሚፈጀው ዐቢይ ጾም የሚውለውም በዚሁ ወቅት ነው። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ወተት ሰብሳቢውም ገዢ ያጣል። ሁለቱም ለፋሲካ ብለው ፍሪጃቸውን የሚያስጠግኑት እጃቸው ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው፤ «ከበዓል በኋላ» ማለታቸው አይቀርም። ጭማቂ ቤቱ ግን በጾሙ ይሸጣልና በእጅ በእጅ ይከፍላል። የደንበኛ ስብጥር የሚመረጠው እንግዲህ በሥራው ብዛት ብቻ ሳይሆን በመክፈያ ጊዜውም ጭምር ነው።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ባለሙያዎች በ400,000 ብር ፍኖተ ሰላም ላይ ሱቅ ከፈቱ እንበል። ቫኪዩም ፓምፕ፣ ጌጅ፣ የብየዳ ዕቃና ያገለገለ ሞተር ሳይክል 250,000 ብር፣ የስድስት ወር የቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ 36,000 ብር ቢፈጅ፣ በእጅ 114,000 ብር ይቀራል። የወሩ ደመወዝ፣ መብራትና መጓጓዣ 18,000፣ ጋዝና መለዋወጫ 45,000፣ በድምሩ 63,000 ብር ነው። ሥራው ሁሉ በሁለት ወር ዱቤ ከሆነ የመጀመሪያው ክፍያ ከመግባቱ በፊት 126,000 ብር ይወጣል። ሱቁ አትራፊ ሆኖ ሳለ 12,000 ብር ይጎድለዋል። ብዙ አዲስ ሱቆች የሚዘጉት በኪሳራ ሳይሆን በዚህች ጉድለት ነው።

ጉድለቱን አስቀድሞ ለመሸፈን አንዱ መንገድ መሣሪያውን በጥሬ ገንዘብ አለመግዛት ነው። የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103/1990 እና ማሻሻያው 807/2005 ማሽን በኪራይ ተወስዶ ዋጋው ቀስ በቀስ የሚከፈልበትን አሠራር ፈቅደዋል፤ በአማራ ክልል ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ በዚህ ዘርፍ ይሠራል። ኪራዩ ጋዝ አይገዛም፣ ለጋዝ መግዣ የሚሆነውን ብር ግን ነፃ ያወጣል። ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ወደ ባንክነት ካደገው ፀደይ ባንክም ሆነ ከሌላ አበዳሪ የሚወሰድ ብድር የመክፈያ ጊዜው ከፋሲካ በኋላ እንዲጀምር መደራደር ይበጃል። እቁብም ያገለግላል፤ ዕጣው አስቀድሞ የደረሰው ሰው ግን ቀሪውን መዋጮ በዕዳ ዓምድ ሊጽፈው ይገባል፤ ካልጻፈው ገንዘቡን ትርፍ አድርጎ ያየዋል።

በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ክምችትና ተሰብሳቢ ሒሳብም ለብድር መያዣ ሊሆኑ ይችላሉ። አበዳሪውን ለማሳመን እያንዳንዱ ዱቤ የደንበኛ ስም፣ ቀን፣ የብር መጠንና ፊርማ ያለው መዝገብ ላይ መስፈር አለበት።