ዜና ፋት ማ ወልደ ሊ ኮንግ ኡዋን፣ ከወንድሞቹ ጋራ ስለ አልጋ የተዋጋበት

በቪየት ምድር በህዋ ሉ ከተማ የነገሠው ሌ ህዋን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1005 ዓ.ም. ሞተ። ልጆቹም ስለ አልጋው ስምንት ወር ተዋጉ፤ አገሪቱም ያለ ንጉሥ ሰነበተች። በኋላ ሎንግ ቪየት አሸነፈና ነገሠ፤ ነገር ግን በነገሠ በሦስተኛው ቀን የእናቱ ልጅ ሎንግ ዲን ሰው ልኮ በሌሊት አስገደለው። መኳንንቱና ባለሟሎቹ ሬሳውን ጥለው በየፊናቸው ሸሹ። አንድ የዘበኛ አለቃ ብቻ የጌታውን ሬሳ ዐቅፎ ሲያለቅስ ተገኘ፤ የዚህም ሰው ስሙ ሊ ኮንግ ኡዋን ነበረ። ገዳዩም ታማኝነቱን አይቶ አልቀጣውም፤ ይልቁንም ሾመው እንጂ።

ሎንግ ዲን በ1009 ሲሞት ልጁ ገና ሕፃን ነበረና፣ ሹማምንቱ ከመነኮሳቱ ጋራ መክረው ያንኑ ያለቀሰውን ሰው አነገሡት። እርሱም በማግሥቱ ዓመት መናገሻውን ከህዋ ሉ ተራሮች አንሥቶ ወደ ቀይ ወንዝ ሜዳ አመጣና ታንግ ሎንግ አላት፤ ይህችውም ዛሬ ሃኖይ የምትባለው ናት። ስለ ሠራቸው ቅጥሮችና ስለ ተከላቸው ገዳማት ሌላ ጸሐፊ ይጻፍ። የእኛ ነገር የልጆቹ ነው።

ወንድማማች ሲፋጅ በዓይኑ ያየው ይህ ንጉሥ፣ ልጆቹን እያንዳንዳቸውን የመስፍንነት ማዕርግ ሰጠ፤ የገዛ ጭፍራም አቆመላቸው። ፋት ማን ግን በ1012 አልጋ ወራሽ አደረገው፤ የሕዝቡን ኑሮ ቀርቦ ይወቅ ብሎም ከከተማው ቅጥር ውጭ ሎንግ ዱክ የሚባል ግቢ ሠራለት። ምክሩ ለሰላም ዘመን ያማረ ነበር። ክፋቱ፣ አባት በሚሞትበት ቀን ወራሹን ከበር ውጭ የሚያስቀር መሆኑ ነው፤ ይህን ደግሞ ሌሎቹ ልጆች ከአባታቸው ይልቅ ቀድመው አስተውለውታል።

በ1028 በሦስተኛው የጨረቃ ወር ንጉሡ ዐረፈ። ሹማምንቱም እንደ ኑዛዜው ወደ ሎንግ ዱክ ወጥተው ፋት ማ ገብቶ ይነግሥ ዘንድ ለመኑት። ይህን በሰሙ ጊዜ ሦስት መሳፍንት የየቤታቸውን ጭፍራ አስታጥቀው ሸመቁ፤ ዶንግ ቺን በውስጠኛው ቅጥር፣ ቩ ዱክና ዙክ ታይን በኳንግ ፉክ በር። (ዙክ ታይን የሚለውን ማዕርግ ቀድሞ የተቀበለው የሟቹ ንጉሥ ወንድም ነበረ፤ ስለዚህ ይህ ሰው ለፋት ማ አጎት እንጂ ወንድም አይደለም የሚሉ አሉ።) አልጋ ወራሹ ግን በሌላ በር፣ በቱኦንግ ፉ ገብቶ ከአዳራሹ ደረሰ። የተሸመቀበትንም ባወቀ ጊዜ ጃንደረቦቹ በሮቹን ሁሉ እንዲዘጉ፣ ዘበኞቹም እንዲጠብቁ አዘዘ።

የመሳፍንቱ ጭፍራ ከበሩ በደረሰ ጊዜ ሊ ኛን ንጊያ የተባለው ባለሟል ወጥተን እንዋጋ አለ። ፋት ማ ግን የአባቱ ሬሳ ሳይቀበር አንድ ሥጋ የሆኑ ሰዎች ቢተራረዱ ትውልድ ይስቅብናል እያለ አመነታ። ኛን ንጊያም የቻይናውን የታንግ ንጉሥ ታይዞንግን አነሣበት፤ እርሱ በ626 በቤተ መንግሥቱ በር ወንድሞቹን ገድሎ ሲነግሥ፣ ትውልድ የሳቀበት የለም፤ እንዲያውም የነገሥታት አብነት ተባለ። በዚህ ጊዜ ፋት ማ ነገሩን ለእናንተ ትቻለሁ፣ እኔ ከአባቴ ሬሳ አልለይም ብሎ ተቀመጠ። የአገሩ ጸሐፍት ይህን ርኅራኄ ይሉታል። ለእኔ ግን ደሙ በሌላ ሰው እጅ እንደሚፈስ የሚያውቅ ሰው ንግግር ይመስለኛል፤ አትግደሉ አላለምና።

ከዚያ ሌ ፉንግ ሂዩ ተነሣ። ይህ ሰው የታይን ህዋ አገር የባንግ ሶን መንደር ተወላጅ፣ ጉልበተኛ ነበረ፤ ሁለት መንደሮች በድንበር ሲጣሉ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ እንደ ዱላ ተጠቀመበት ይባልለታል። ሰይፉን መዝዞ ቀጥታ ወደ ኳንግ ፉክ በር ሮጠ፤ መሳፍንቱ የአባታቸውን ውለታ ረስተው፣ የወንድምነትንም ሕግ ጥሰው አልጋ መመኘታቸውን ጮኾ እየተናገረ በቩ ዱክ ፈረስ ላይ ተወረወረ። ቩ ዱክ ፈረሱን ሲያዞር ወደቀ፤ በዚያውም ተገደለ። ጭፍራው መሪው ሲሞት ባየ ጊዜ ተበተነ፤ ዶንግ ቺንና ዙክ ታይን አመለጡ። ፉንግ ሂዩም ጥሩሩን ሳያወልቅ ገብቶ ለሟቹ ሬሳ ሰግዶ ድሉን አበሠረ። ፋት ማም ከታይዞንግ ጀግና ከዩቺ ጂንግዴ ትበልጣለህ ብሎ አመሰገነው።

ከዚህ በኋላ ፋት ማ በ28 ዓመቱ ነገሠ። ያመለጡት ሁለቱ መጥተው ቢማጸኑ ማራቸው፤ ማዕርጋቸውንም መለሰላቸው። ወዲያው በአሮጌው መናገሻ በህዋ ሉ የተሾመው ሌላው ወንድሙ ሸፈተ። ንጉሡ ራሱ ዘመተበት፤ እርሱም እጁን ሰጠና ተማረ። አንድ ሞቶ ሦስት ተማሩ፤ በዚያ ዘመን ይህ ብዙ ምሕረት ነው።

ነገር ግን ንጉሡ በምሕረት ብቻ አልተማመነም። የነሐስ ከበሮ ተራራ መንፈስ የሦስቱን መሳፍንት ተንኰል ቀድሞ በሕልሜ ነግሮኛል ብሎ ቤተ ጣዖት ሠራለት። ሹማምንቱም በየዓመቱ በምሥራቁ በር እየገቡ በመንፈሱ ፊት ደም ጠጥተው እንዲምሉ አዘዘ፤ ለአባቱ የማይታዘዝ ልጅ፣ ለጌታው የማይታመን ሎሌ በመንፈሱ እጅ እንዲሞት። ከመሐላው የቀረ 50 በትር ይገረፍ ነበር። ሦስተኛው ወር የሟቹ ንጉሥ ሙት ዓመት ስለ ሆነ የመሐላው ቀን ከዚያ ወደ አራተኛው ወር አራተኛ ቀን ተዛወረ። የሊ ቤት ጠፍቶ የትራን ቤት ሲነግሥም መሐላው አልቀረም። ፋት ማ በነገሠበት በዚያው በ1028ም ልጁን ንያት ቶንን ገና በስድስተኛ ዓመቱ አልጋ ወራሽ ብሎ አስታወቀ።

ፉንግ ሂዩ ደግሞ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1044 ንጉሡ በቻምፓ ላይ ዘምቶ ድል ባደረገ ጊዜ፣ ሹመት ቢሰጡት እንቢ አለ። ይልቅ በባንግ ሶን ተራራ ላይ ቆሜ ቢላዬን ልወርውር፤ ከወደቀበት ድረስ ያለው የመንግሥት መሬት ርስት ይሁነኝ አለ። ንጉሡም ፈቀደለት፤ ቢላውም ብዙ ምዕራፍ ርቆ በሌላ መንደር ወደቀ ይባላል። መሬቱን ሰጡት፤ ግብሩንም ማሩለት።