ውዳሴና ጥንስስ፦ የኒንካሲ መዝሙር እንደ ጠመቃ መመሪያ ሲነበብ

መግቢያ

ጥንታዊ ጽሑፍ በመዝገበ ቃላትና በሰዋስው ብቻ ይጠናል ብሎ የማሰብ ልማድ አለን። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጽሑፎች አንባቢያቸውን ከመጻሕፍት ቤት አስወጥተው ማድ ቤት ያስገቡታል። ከእነዚህ አንዱ ኒንካሲ ለተባለችው የሱመራውያን የጠመቃ አምላክ የቀረበው ውዳሴ ነው። ውዳሴው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1800 ዓመት ገደማ በሸክላ ጽላት ላይ የተጻፈ ሲሆን፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ሚጌል ሲቪል እ.ኤ.አ. በ1964 ተርጉሞና ተንትኖ ካሳተመው ወዲህ ቢራ ጠማቂዎችም የሚያነቡት ሆኗል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ግጥሙን መልሶ ወደ መጠጥ ለመለወጥ የተደረጉ ሙከራዎችን መነሻ በማድረግ፣ የውዳሴ ጽሑፍ ስለ ሙያ ምን እንደሚናገርና በምኑ ላይ ዝም እንደሚል ማሳየት ነው። ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ወደ መጨረሻው ግልጽ ይሆናል።

የውዳሴው ይዘት

መዝሙሩ የአምላኳን ትውልድና ወላጆች በማውሳት ይጀምርና ወደ ሥራዋ ያልፋል። ኒንካሲ በትልቅ መዛቂያ ሊጥ ታገላብጣለች፤ ባፒር የተባለውን ነገር ከጣፋጭ ቅመም ጋር ታዋህዳለች፤ በትልቅ ምድጃም ትጋግረዋለች። መሬት ላይ የተሰጣውን ብቅል ውሃ ታጠጣለች፤ ብቅሉን በማሰሮ ትዘፈዝፋለች። የበሰለውን ድፍድፍ በሰፊ የሸምበቆ ምንጣፍ ላይ ዘርግታ ታቀዘቅዛለች። ጣፋጩን ጭማቂ በሁለት እጆቿ ትይዛለች። በመጨረሻ መጠጡ በማጥለያው ጋን በኩል ወደ ታችኛው ጋን ሲወርድ ድምፁ ደስ ያሰኛል፤ ሲቀዳም ፍሰቱ በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች ይመሰላል።

ቅደም ተከተሉ ይህን ያህል የተስተካከለ በመሆኑ መዝሙሩን «በዓለም የመጀመሪያው የቢራ አሠራር መመሪያ» ብሎ መጥራት የተለመደ ሆኗል። ነገር ግን መጠኑ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ምን ያህል እንደሚሞቅ የሚገልጽ አንድም ቃል የለበትም። መጠጡን መጠጥ የሚያደርገው የመፍላት ደረጃ እንኳ ለብቻው ተነጥሎ አልተነገረም።

ከግጥም ወደ ጋን

ግጥሙን በተግባር የመፈተሹ ሥራ የሳን ፍራንሲስኮው የአንከር ቢራ ፋብሪካ ባለቤት የፍሪትዝ ሜይታግና የፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲው አንትሮፖሎጂስት የሶሎሞን ካትዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራውን ያቆመው ይህ ፋብሪካ በ1989 የሲቪልን ትርጉም ተከትሎ ቢራ ጠመቀ። ባፒሩን ከገብስና ከማር አዘጋጅተው እንደ ደረቅ ብስኩት ሁለት ጊዜ ጋገሩት፤ ከብቅል ጋር ደባለቁት፤ ቴምር ጨመሩበት፤ ጌሾን የሚተካውን የፈረንጅ ሆፕ ግን ተዉት። መጠጡ ለእንግዶች የቀረበው በረጃጅም መምጠጫ ሲሆን፣ ለመምጠጫው አርአያ የሆነው በዑር ከተማ በፑአቢ መቃብር የተገኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በይፋ በታወቀ ሌላ ሙከራ ደግሞ የክሊቭላንዱ ግሬት ሌክስ ቢራ ፋብሪካ ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ጋር ሆኖ በሸክላ ዕቃና በእንጨት ማማሰያ ጠመቀ፤ መጠጡም ለዛሬ ሰው ምላስ የሚከብድ ኮምጣጣ ሆነ።

የሙከራዎቹ ጥቅም «ሱመራውያን የጠጡት ይህንን ነው» ብሎ ለመደምደም አይደለም። ጥቅማቸው ግጥሙ ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ ጠማቂው የራሱን ውሳኔ ለመስጠት መገደዱን ማሳየታቸው ነው። ፔተር ዳሜሮቭ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ጥናቱ ባፒር በእርግጥ ዳቦ ስለመሆኑ ጥርጣሬውን ገልጿል። ከምክንያቶቹ አንዱ በሂሳብ ጽላቶች ላይ ባፒር እንደ ዳቦ በቁጥር አለመመዝገቡ ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ የሚለው አለው። በጠላ አሠራር ውስጥ ቂጣም አለ፣ እንኩሮም አለ። ቂጣው ተጋግሮ ይቆራረሳል። እንኩሮ ግን ዱቄቱ በውሃ ርሶ፣ ምጣድ ላይ እየታሸ የሚበስል ፍርፋሪ ነው፤ እሳት ያየ ቢሆንም ዳቦ አይባልም፤ ይሰፈራል እንጂ አይቆጠርም። ይህ የሁለቱን ጠመቃዎች ዝምድና አያረጋግጥም። ሆኖም «ከተጋገረ ዳቦ ነው፤ ካልተቆጠረ አልተጋገረም» ከሚለው ምርጫ ውጭ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ያሳያል።

የዘውጉ ሕግ

የግጥሙ ዝምታ ምንጭ የገጣሚው አለማወቅ አይመስለኝም፤ ምንጩ ዘውጉ ነው። ለዚህ የእኛን መልክእ ማነጻጸር ይጠቅማል። መልክእ ከዝክረ ስም ተነሥቶ ከጠጉር እስከ እግር ጥፍር የተወዳሹን አካል በቅደም ተከተል ያወድሳል። ቅደም ተከተሉ እውነተኛ ነው፤ ራስ ከአንገት በላይ መሆኑ አይካድም። ግን መልክእን ይዞ ሕክምና የሚማር የለም። ለኒንካሲ የቀረበው መዝሙርም ሥራውን በተራ የሚጠራው ለማወደስ እንጂ ለማስተማር አይደለም። አድማጩ ጠመቃ የሚያውቅ ሰው ነው። የሚያውቀውን መልሶ መንገር ደግሞ የውዳሴ ግዴታ አይደለም።

አንድ የግል ሙከራ

ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴን የጠላ አሠራራቸውን ጠይቄ በደብተር መዘገብሁ። እንዳሉት ጌሾውንና ብቅሉን ጠነሰስሁ፤ ቂጣውን ጋገርሁ፤ እንኩሮውን ጨመርሁ፤ ጋኑን ከደንሁ። ውጤቱ የማይጠጣ ሆነ። አክስቴ መጥተው ቀመሱና ይጠይቁኝ ጀመር።

«ጋኑን በምን አጠንኸው?»

«አላጠንሁትም፣ እትዬ።»

«ጥንስሱንስ ስንት ጊዜ ከፍተህ አየኸው?»

«ጠዋት ማታ።»

«እንኩሮውን በትኩሱ ነው የጨመርኸው?»

«አዎ፤ ይቀዝቅዝ አላሉኝም።»

«ውይ ልጄ! ይኸ ደግሞ ይነገራል? ሁሉ የሚያውቀው ነው ብዬ ነዋ!»

በወይራ ጭስ መታጠን፣ ተከድኖ መቆየት፣ መቀዝቀዝ፤ ሦስቱም በደብተሬ አልነበሩም። ትኩሱ እንኩሮ ጥንስሱን የሚያፈላውን እርሾ ሳይገድለው አልቀረም። ወደ መዝሙሩ ስመለስ ድፍድፉ በሸምበቆ ምንጣፍ ላይ የሚቀዘቅዝበት ስንኝ ሌላ ሆኖ ታየኝ። ከዚያ በፊት ለተማሪዎቼ የማስረዳው እንደ ጌጥ፣ ውብ ምስል ነው እያልሁ ነበር። ለካ ገጣሚው ካስቀራቸው ብዙ ነገሮች መካከል ያላስቀረው አንድ የእጅ ጥንቃቄ ነው። ጠላ አበላሽቶ የማያውቅ ተንታኝ ይህን ስንኝ እንደ እኔ በቀላሉ ያልፈዋል።

ማጠቃለያ

አክስቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሁለተኛ ጋን አብረን ለመጥመቅ ተቀጣጥረን ሳይሆን ቀረ። የቀረኝ ጎደሎው ደብተርና በሦስት ጥያቄዎች የታረመው ስሕተቴ ብቻ ነው። የእርሳቸው ጌሾ መጠኑ ስንት እፍኝ እንደነበረ፣ ድፍድፉ መድረሱን በሽታው ይሁን በድምፁ ያውቁት እንደነበረ ልጠይቃቸው አልችልም።

አሻሮ፣ እንኩሮ፣ ጥንስስ፣ ድፍድፍ፣ ጉሽ፣ ቅራሪ የሚሉትን ቃላት ትርጉም ከመዝገበ ቃላት ማግኘት ይቻላል። እያንዳንዱ ቃል የተሸከመው የእጅ ዕውቀት ግን እዚያ የለም። ስለዚህ ሥነ ቃል ለመሰብሰብ ወደ መስክ የሚወጡ ተማሪዎቻችን የሥራ ዘፈኑን ከቀዱ በኋላ መቅረጫቸውን አጥፍተው እንዳይነሡ አሳስባለሁ። ዘፈኑን ያዜመችው እናት እያየቻቸው ሥራውን ራሳቸው ይሞክሩት፤ ሲሳሳቱም ትቆጣቸው። ለሚጌል ሲቪልም ሆነ ለጠማቂዎቹ መልስ የምትሰጥ ሱመራዊት ሴት አልነበረችም። እኛ የምንጠይቃቸው ገና አሉ።