ፍሙ አይጨስም እኮ!

ክረምት ሲገባ ወልቂጤም ቡታጅራም ማታው ይበርዳል። ቡናው ካለቀ በኋላ ፍሙን ከነማንደጃው መኝታ ቤት ማስገባት የተለመደ ነው። «አይጨስም እኮ» ይባላል። ጉዱ ያለው እዚያው ላይ ነው። ጭስ ቢሆን ዓይን አቃጥሎ ያባርር ነበር፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም።

ጋዙ ኦክሲጅንን ከደም ገፍቶ ቦታውን እንደሚይዝ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሳየው ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር ነው። በ1895 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጆን ሆልዴን ጋዙን ራሱ እየሳበ የገዛ ደሙን መረመረ። ድፍረት ነው እብደት፣ እናንተ ፍረዱ።

ሄሞግሎቢን አራት ወንበር ያለው ታክሲ ነው እንበል። በየወንበሩ የብረት አቶም አለ፤ ኦክሲጅን እዚያ ላይ ተሳፍሮ አንጎልና ልብ ጋ ሲደርስ ይወርዳል። ሞኖክሳይድ ግን ወንበሩን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ይባስ ብሎ አብረውት የተሳፈሩት ኦክሲጅኖችም እንደልብ እንዳይወርዱ ያደርጋል። ደሙ ደማቅ ቀይ እንደሆነ ስለሚቆይ መልክ አያስጠረጥርም። ንጹህ አየር እየተነፈሱ እንኳ ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል።

አያቶቻችንስ? በጉራጌ ጎጆ እሳቱ የሚነደው መሃል ቤት ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ሣር ስለሆነ አየር ያሳልፋል። (ጭሱ ሳንባን አይምርም፤ ጎጆን ማሞገሴ አይደለም።) የዛሬው የኪራይ ክፍል ብሎኬት፣ ኮርኒስና የተዘጋ መስኮት ነው። ራሱን ያመመው ተከራይም «ድካም ነው» ብሎ ይተኛል፣ ፍሙ አጠገቡ እንደጋመ።